ሸጎሌ ስንል የማንን ስም እየጠራን ነው?

ባለፈው ሳምንት ከአስር ሶላት በኋላ ለመድረሳ ልጆች ስለ ፆም ከፋራ እያስተማርኩ ነበር። የረመዳንን ፆም በከባድ ጥፋት ያፈረሰ ሰው መጀመሪያ ባሪያ ነፃ ያወጣል፤ ካላገኘ ሁለት ወር በተከታታይ ይፆማል፤ ያንን ካልቻለ ስልሳ ሚስኪን ይመግባል አልኳቸው። አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ኡስታዝ፣ ባሪያ አሁን የት ይገኛል?» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ መልሱ ከሰፈራችን ስም አይርቅምና።

ውድ አንባብያን፣ ጉለሌ ስሟን ያገኘችው ከተማዋ ሳትቆረቆር በፊት እዚህ ይኖር ከነበረው የኦሮሞ ጎሳ ነው። ዛሬም ግማሽ ገጠር ናት። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ፤ የኢፍጧር ሾርባ የሚበስልበት ጭስ እንኳ የባሕር ዛፍ ይሸታል። ከዚህ አገር በስተምዕራብ ያለችውን ሸጎሌን ብዙዎቻችን የምናውቃት በአውቶቡስ ዴፖዋና በከብት ገበያዋ ነው። ለዐረፋ በግ ያልተከራከረባት አባወራ ጥቂት ነው።

ስሙ ግን የሰው ስም ነው። ሼኽ ኾጀሌ አል ሐሰን የቤኒሻንጉል ገዢ ነበሩ፤ «ሼኽ ኾጀሌ» በሰው አፍ ሲመላለስ «ሸጎሌ» ሆነ። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ዘምተው አገሩ ለአጼ ምኒልክ ከገበረ በኋላ ሼኹ ወርቅ እየገበሩ አሶሳን አስተዳደሩ፤ አዲስ አበባ ላይ ቤታቸው እዚህ ነበር። ዋና ከተማ ውስጥ በሙስሊም ገዢ ስም የሚጠራ ሰፈር መኖሩ ያኮራናል፤ እኔንም ያኮራኛል።

ታዲያ ግብሩ ወርቅ ብቻ አልነበረም። ሼኹም ባለቤታቸው ሲት አምናም በባሪያ ንግድ ስማቸው ይነሳል። የተሸጡት የዚያው የድንበር አገር ድሆች ነበሩ። የአገሪቱ ሕግም ንግዱን ለመቁረጥ ዘገየ፦ በ1916 ዓ.ም. አዋጅ ወጣ፣ ባርነት ጨርሶ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሸሪዓችን ግን ከጥንት ጀምሮ የፆም ጥፋት እንኳ ሲካስ ቀዳሚውን ቦታ የሰጠው ለአንገት ነፃነት ነበር። ይህን የሚያነብ ዓሊም ገበያው ላይ ዝም ማለቱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ይህንኑ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ማታ ከተራዊሕ በኋላ አንድ አዛውንት ጎተት አድርገው፣ «ሼኻችን፣ በተከበረ ወር የሙስሊም ነውር ለልጅ ይወጣል እንዴ?» አሉኝ። «አባባ፣ እኛ ካልነገርናቸው ሌላ ሰው በጥላቻ ይነግራቸዋል» አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም፤ «አላህ ያግራው» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ያ ልጅ ተምር በእጁ እንደያዘ መጣ። «ኡስታዝ፣ የእነዚያ ሰዎች ልጆች አሁን የት አሉ?» አለኝ።

«ምናልባት በሶፍ ከጎንህ ይቆማሉ» አልኩት።

ግራና ቀኙን ሲያይ የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ ተምሩን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን አጠገቡ ለተቀመጠው ሰጠ።