የጎንደር ግንብና የቦረና ጉድጓድ

በነገሌ ቦረናና በአካባቢው የቆላ ከተሞች የምትኖሩ፣ ፊደል ቆጥራችሁ ጋዜጣ ለማንበብ የበቃችሁ ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች ሆይ! ዛሬ ሩቅ አገር እንሂድ። የምንሄደው የነገሥታት ከተማ ወደነበረችው ወደ ጎንደር ነው። ከነገሌ እስከ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ እስከ ጎንደር ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። እኔ ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ አንድ ሙሉ ቀን ከአስጎብኚ ጋር ዞሬ አይቻለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ። መጨረሻ ላይ ግን ወደ ራሳችሁ የውኃ ጉድጓድ እንመለሳለን። ለምን እንደምንመለስ ስትደርሱበት ታዩታላችሁ።

ከተማ ማለት ምን ነበር?

ከተማ የሚለው ቃል ዱሮ የንጉሥ ሰፈር ማለት ነበር። ከጎንደር በፊት ብዙዎቹ ነገሥታት አንድ ቦታ ረግተው አይቀመጡም። ድንኳን ተክለው ይሰፍራሉ። የአካባቢው እህል ሲያልቅ፣ ማገዶውም ሲጠፋ ድንኳኑ ይነቀልና ሌላ ቦታ ይተከላል። ነገሩ እናንተ ከብት ይዛችሁ እንደምትጓዙት ይመስላል አይደል? ልዩነት ግን አለው። የእናንተ ጉዞ የሚከተለው ዝናብንና ሣርን ነው። የንጉሡ ሰፈር ይከተል የነበረው የገበሬውን ጎተራ ነው።

አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ላይ ከተሙ። በድንኳን ፋንታም የድንጋይ ግንብ አሠሩ። ከእሳቸው በኋላ ጎንደር ለሁለት መቶ ዓመት ያህል የነገሥታት መቀመጫ ሆና ቆየች።

በግቢው ውስጥ

ጠዋት በበሩ ስንገባ መጀመሪያ ያየነው አጥሩን ነው። 900 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የድንጋይ አጥር ነው። አሥራ ሁለት በሮች ነበሩት። በውስጡ ያለው ቦታ 7 ሄክታር ይሆናል።

ከሁሉ የሚበልጠው የአፄ ፋሲል ግንብ ነው። ቁመቱ 32 ሜትር ያህል ነው። በአራቱ ማዕዘን አራት ክብ ማማዎች አሉት፤ ጫፋቸው እንደ እንቁላል የሞጠሞጠ ነው። አንገቴን ቀና አድርጌ ሳየው ነጠላዬ ከትከሻዬ ወደቀ፤ ያን ያህል ይረዝማል!

የሚገርመው ነገር ልጅ የአባቱን ግንብ ወርሶ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የፋሲል ልጅ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ የመጻሕፍት ቤት አሠሩ። የልጅ ልጃቸው ታላቁ ኢያሱ ደግሞ የራሳቸውን ግንብ አሠሩ። ግድግዳው በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ ነበር ይባላል። ቀጥሎም አፄ ዳዊት፣ አፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ የየራሳቸውን ጨመሩ። የአንበሶች ቤትም በግቢው ውስጥ አለ።

የበካፋ የግብር አዳራሽ ዘንድ ስንደርስ ትንሽ ቆም እንበል። ግብር የሚለውን ቃል በደብተራችሁ ጻፉት። ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ገበሬው ለመንግሥት የሚከፍለው ነው። ሁለተኛው ንጉሥ ለሠራዊቱና ለመኳንንቱ የሚያበላው ድግስ ነው። ቃሉ አንድ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአዳራሹ የተበላው እንጀራና የተጠጣው ጠጅ ከየገበሬው ጎተራና ቀፎ የመጣ ነው።

ያን ሁሉ ድንጋይ ማን ተሸከመው?

ይህን ወሬ በፊደል ትምህርታችን ላይ ሳወራ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ንጉሡ ብቻቸውን አልገነቡትም መቼም። ያን ሁሉ ድንጋይ ማን ተሸከመው? ስማቸውስ ማን ይባላል?» አሉኝ።

«አባ፣ እኔም አስጎብኚውን ይህንኑ ጠይቄው ነበር» አልኳቸው። አስጎብኚው የነገሥታቱን ስም ከነዓመቱ አንድ በአንድ ጠርቶልናል። ግንበኞቹ ላይ ሲደርስ ግን የሚጠራው ስም አልነበረውም።

የምናውቀው ይህን ያህል ነው። ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው። ኖራ ማለት በእሳት ተቃጥሎ በውኃ የሚበርድ ነጭ ድንጋይ ነው። በኖራ መገንባት የተስፋፋው ከፋሲል አባት ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ ነው። በፈረንጆች 1648 ከየመን የመጣ መልእክተኛ ግንቡን አይቶ፣ የሠራው ሰው ሕንዳዊ መሆኑን ጽፏል። የጎንደር ቤተ እስራኤሎችም በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በብረት ሥራ የታወቁ ነበሩ። እንጨቱን የቆረጠው፣ ኖራውን ያቃጠለው፣ ድንጋዩን የተሸከመው ሰው ግን ሥራው ቆሞ ሳለ ስሙ ጠፍቷል። ለምን? የሚጽፈው የንጉሡ ጸሐፊ ነበር። የጻፈውም የንጉሡን ስም ነው።

ግንብም ይፈርሳል

ግንብ ዘለዓለም ይቆማል ማለት አይደለም። በፈረንጆች 1704 የመሬት መንቀጥቀጥ መታው። ከተማዋን በ1866 እንደዚያው በፈረንጆች አፄ ቴዎድሮስ ዘረፏት፤ በ1888 ደርቡሾች አቃጠሏት። በ1941 ደግሞ ጣሊያን ሲባረር የእንግሊዝ አውሮፕላን በጣለው ቦምብ ግቢው ተጎዳ። ዝናቡም ኖራውን ያጥበዋል፤ የዛፍ ሥር በድንጋዩ መካከል ገብቶ ይሰነጥቀዋል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም. ግቢውን በዓለም ቅርስ መዝገብ አስገብቶታል። በቅርብ ዓመታትም ጥገና ተደርጎለታል። የሚጠግነው ባይኖር ኖሮ እስካሁን ክምር ድንጋይ በሆነ ነበር።

ወደ ታች የተሠራ ግንብ

አሁን ወደ ቦረና እንመለስ። ዱብሉቅን፣ መልባናን፣ ጋዮን አስቡ። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች እስከ 30 ሜትር ይወርዳሉ። እንግዲህ አስተያዩት! የፋሲል ግንብ ወደ ላይ የወጣውን ያህል ቱላ ወደ ታች ወርዷል ማለት ነው። ጉድጓዱን የቆፈረውም የሰው እጅ ነው። ወንዶች በመሰላል ላይ ከታች እስከ ላይ ይደረደራሉ። እየዘፈኑ ውኃውን በባልዲ ይቀባበላሉ። ከብቱም ተራውን ጠብቆ ይጠጣል። ተራውን የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከጎንደር ይለያል። በቦረና ጉድጓዱን መጀመሪያ ያስቆፈረው ሰው አልተረሳም። አባ ኮንፊ የሚለው ማዕረግ በዘሩ ይተላለፋል። የገዳ አዋቂዎችም በየስምንት ዓመቱ የተለዋወጡትን አባ ገዳዎች ስም ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይቆጥራሉ፤ ያውም ያለ ወረቀት። ይህ የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል።

ታዲያ በቃል ከተያዘ ምን ቸገረን ትሉ ይሆናል። የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ ቃል የሚኖረው በሰው ውስጥ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናብ በተከታታይ ጠፍቶ ከብት ሲያልቅ ስንቱ ሰው ከመንደሩ ተሰደደ! ሽማግሌው በአንድ በኩል፣ ልጁ በሌላ በኩል ሲሆን ነገሩን ማን ለማን ይነግራል?

ከነገሌም አንድ ምሳሌ ልጨምር። በጥር 1966 ዓ.ም. የነገሌ ወታደሮች በምግብና በውኃ ምክንያት አመፁ። የራሳቸው የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶ፣ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይጠጡ ተከልክለው ነበር። ሊያነጋግራቸው ከንጉሡ የተላከውን ጄኔራል ያዙት፤ የእነሱንም ምግብ አበሉት። አመፁ ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛመተ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. መባቻ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ዛሬ በመጻሕፍት የጄኔራሉን ስም እናገኛለን። ውኃ የተጠሙት ወታደሮች ስም ግን ስንቱ ተጽፏል?

በነገሥታቱ ዘመን ታሪክ ይጻፍ የነበረው በአብዛኛው በቤተ መንግሥት ነው። ዛሬ እርሳስ በእናንተም እጅ ነው። ከአንድ ደብተር አንዱን ገጽ ለጉድጓዳችሁ ስጡት። ሽማግሌዎችን ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን በራሳችሁ ፊደል አስፍሩ። ፊደላችሁ ቢንጋደድም ግድ የለም፤ ይነበባል።

በማኅበራችሁ ተወያዩበት፣ በደብተራችሁም ጻፉት
1. የምትጠጡበትን ጉድጓድ ማን አስቆፈረው? ከየትኛው ጎሣ ነው?
2. ደለል የተጠረገው መቼ ነው? ማን ማን ወረደ? ስማቸውን በሙሉ ጻፉ።
3. የውኃው ተራ እንዴት ይወሰናል? ተራ የጣሰ ሰው ምን ይፈረድበታል?