ከፋኑ ጀርባ ያለችው ክዳን

የመታጠቢያ ቤት ፋን ሥራው ግልጽ ነው፤ እንፋሎትና ሽታ ስቦ ወደ ውጭ ይጥላል። ስለ ሞተሩ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። እኔ የምወዳት ከጀርባው የምትንጠለጠለውን ስስ የፕላስቲክ ክዳን ነው። በደጋዎቹ ከተሞች በሮቤና በጎባ ሰው ቤቱ ሲበርደው በሩን ይወቅሳል፣ መስኮቱን ይወቅሳል፤ እሷ ግን መኖር አለመኖሯን እንኳ ቀና ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው።

ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሮቤ ከሷ ትንሽ ዝቅ ትላለች። ከጎባ በላይ የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ተንጣሏል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል የሌሊቱ ቁር አያድርስ ነው። የዱሮው የሣር ጎጆ ጭሱንም እርጥበቱንም በጣሪያው ያሳልፍ ነበር። የዛሬው የብሎኬት ቤት ግን ሴራሚክ አለው፣ ኮርኒስ አለው፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ አንድ ክብ ቀዳዳ። ወርዱ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 79 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ማለት ነው።

ፋኑ ሲጠፋ ቀዳዳውም አብሮ የሚዘጋ የሚመስለው ብዙ ነው። አይዘጋም። በቆሙት ክንፎች መካከል ነፋስ እንደልቡ ያልፋል። የምትዘጋው ክዳኗ ናት፦ ፋኑ ሲነሣ የአየሩ ግፊት ይከፍታታል፣ ሲቆም በራሷ ክብደት ተመልሳ ትከደናለች። መብራት በጠፋበት ሌሊትም ሥራዋን አታቋርጥም።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ግን ሌላ ነው። ሰው ሁሉ ብርዱ በዚያ ቀዳዳ «ይገባል» ይላል። ጎባ ላይ ባረፍኩበት ቤት ባለቤቷ ቡና እያፈሉ፣ «በዚያ ነው የሚመጣው፣ ልጄ። ፌስታል ወትፌበት ነበር፣ ነፋሱ አወጣው» አሉኝ። «እማማ፣ እስቲ የእጣን ማጨሻውን ያውሱኝ» አልኳቸው። ፋኑ እንደጠፋ ማጨሻውን ወደ ቀዳዳው ከፍ ሳደርገው ጭሱ ወደ ውስጥ አልተመለሰም፤ ቀዳዳው ስቦ ወደ ውጭ ወሰደው። ከበሩ ሥር ሳስቀምጠው ደግሞ ከሳሎን በኩል እየተገፋ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባ። እማማ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ታዲያ ሙቀቴን ነዋ የሚወስድብኝ!» አሉ። ልክ ናቸው።

ምክንያቱ ሁለት ነው። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከፍ ብሎ የተበሳ ቀዳዳ ካገኘ በዚያው ይሄዳል። በሄደው ምትክ ቀዝቃዛው በበር ሥርና በመስኮት ስንጥቅ ይገባል፤ እግራችንን የሚበርደን ለዚህ ነው። ሁለተኛው ነፋሱ ራሱ ነው። ነፋስ የፊቱን ግድግዳ ይገፋል፣ ከጀርባ ያለውን ግን ይስባል። ቀዳዳው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ከሆነ ነፋሱ ራሱ ክዳኗን ተጭኖ ይዘጋታል። በጀርባ በኩል ከሆነ እየሳበ ይከፍታታል፣ ትወድቃለች፣ እንደገና ይከፍታታል፤ ሌሊቱን ሙሉ ጧ ጧ ስትል ታድራለች። አንድ ዓይነት ፋን የገዙ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ሲያመሰግን ሌላው የሚራገመው በዚህ ነው። ዕቃው አልተበላሸም፤ ግድግዳው ነው የተለየው።

እንግዲህ ከመግዛትዎ በፊት ነፋሱ በብዛት ከየት እንደሚነሣ ይመልከቱ። ቀዳዳው ከነፋሱ ፊት ለፊት ከሆነ ተራዋ ተንጠልጣይ ክዳን ትበቃለች። ጀርባ ከሆነ በቱቦው ውስጥ የምትገባው፣ ሁለት ግማሽ ክብ ክንፍና ቀጭን ሞላ ያላት ትሻላለች። ቱቦው አግድም የተኛ ከሆነ ማጠፊያዋ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ማጠፊያዋ አግድም ከተኛ የላይኛው ክንፍ በክብደቱ ወርዶ በደንብ አይዘጋም። ሞላዋም ጠንካራ አትሁን። የጎባ አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ የፋኑም ግፊት በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ቆላ ላይ የሚከፍታትን ሞላ እዚህ ላይከፍታት ይችላል። ሱቅ ውስጥ ቀስ ብለው እፍ ይበሉባት፤ ካልተነቃነቀች ለባለ ሱቁ ይመልሱለት።

ፌስታል፣ ካርቶንና ጨርቅ ለሚወትፉ ግን ትዕግሥት የለኝም። ብርዱን ለጊዜው ያቆሙታል፤ እንፋሎቱ ግን የት ይሂድ? ኮርኒሱ ላይ ይቀመጥና ያጠቁረዋል። ውታፉን ረስተው ፋኑን ሲያበሩት ደግሞ ሞተሩ ይግላል። የቱቦውን ጫፍ ከኮርኒስ በላይ፣ ከቆርቆሮ በታች ጥለው የሚሄዱ ሠራተኞችም አሉ። ሌሊት እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ባለቤቱ ዝናብ በሌለበት በጥር «ጣሪያዬ አፈሰሰ» ብሎ ቆርቆሮ ያስቀይራል። የበሩን ሥር በምንጣፍ ደፍኖ «ፋኑ አይስብም» የሚለውስ? ካልገባ አየር ምኑን ይሳብ?

ከሰል የሚያነዱበት ቤት ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ ምክሬን ይተዉት፤ ቀዳዳ አይዝጉ። ጭሱ ያለቀ ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ተኝተው ሳሉ ይገድላል።

ለክዳኗ የሚያስፈልጋት ጥቂት ነው። አቧራና ቅባት ሲያከብዳት ግማሽ ተከፍታ ትቀራለች፤ አልፎ አልፎ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው። ማጠፊያዋን ዘይት አይቀቧት፣ አቧራ ይይዛል። ወፍ እንዳይገባ በውጭ በኩል ወንፊት ማድረግ ጥሩ ነው፤ ግን ዓይኑ ሰፋ ያለ ይሁን። የትንኝ መከላከያው ጥቅጥቅ ያለው ዓይነት በሮቤ አቧራ ቶሎ ይደፈናል።