ኩፍኝን ከክትባቱ ጋር እንመዝን

በመካነ ሰላምም ሆነ በወግዲ ገበያ እህል ሲሸመት ሚዛኑ ይታያል። ክትባትንም እንዲሁ እንመዝን።

በአንድ ወገን የእናት የመንገድ ድካም፣ የሕፃኑ የክንድ ሕመም፣ አንዳንዴም ከሳምንት በኋላ የሚመጣ ቀላል ትኩሳት አለ። በሌላው ወገን ኩፍኝ አለ። «ልጅ ሁሉ የሚያልፍበት ነው» ይባላል፤ ዳሩ ግን የሳንባ ምች፣ ተቅማጥ፣ ዕውርነትና ሞት ያስከትላል። በትንፋሽ ስለሚተላለፍም፣ ከታማሚው ጋር ከሚውሉ 10 ያልተከተቡ ሰዎች 9ኙን ሊይዝ ይችላል።

ፈንጣጣን ተመልከቱ! በአገራችን የማጥፋቱ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1971 ተጀመረ፤ በ1976 የመጨረሻው ታማሚ ታየ። ታማሚን እየፈለጉ፣ ጎረቤቱን እየከተቡ ነው የጠፋው።

የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር፣ ድጋሚው በ15 ወር ይሰጣል። ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ እናንተው ፍረዱ። ፊደል ቆጥራችኋልና የቀጠሮውን ቀን ከካርዱ ላይ ራሳችሁ አንብቡት።