ወላጅና ታዳጊ ልጅ በኦንታርዮ አደን ሲጀምሩ ማወቅ የሚገባቸው ጉዳዮች

በካናዳ ኦንታርዮ ክፍለ ሀገር አደን በሕግ የተፈቀደ ተግባር ነው። ይሁን እንጂ ያለ ትምህርትና ያለ ፈቃድ አይጀመርም። በቶሮንቶና በአካባቢዋ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች መካከል ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከልጁ ነው። ልጁ የክፍል ጓደኞቹ ከአባቶቻቸው ጋር ጫካ ውለው ሲመለሱ ይሰማል፤ ወላጁ ደግሞ ከየት እንደሚጀመር አያውቅም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ሁለቱም ጀማሪዎች ለሆኑበት ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ነው።

በቅድሚያ መለየት ያለበት ነገር ቢኖር ፈቃዱ ከአንድ መሥሪያ ቤት የማይገኝ መሆኑ ነው። የጦር መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ሲሆን የሚያስተዳድረውም የካናዳ ንጉሣዊ ፖሊስ ነው። የአደን ፈቃድ ግን የክፍለ ሀገሩ የተፈጥሮ ሀብት ሚኒስቴር ሥልጣን ነው፤ መሠረቱም እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የዓሣና የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ጠመንጃ በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው የአደን ፈቃድ ሳይኖረው ጫካ ቢገባ ሕግ ይተላለፋል፤ የአደን ፈቃድ ያለውም ሰው የመሣሪያ ፈቃድ ሳይኖረው ጠመንጃ ገዝቶ ቤቱ ማስቀመጥ አይችልም። ጥፋቱ ሆን ተብሎ ባይፈጸምም በአደን ሕጉ ሥር እስከ 25,000 የካናዳ ዶላር መቀጮ ወይም እስራት ሊያስከትል ይችላል።

የኦንታርዮ ነዋሪ ሆኖ የአደን ፈቃድ ለማውጣት የአመልካቹ ዋና መኖሪያ በክፍለ ሀገሩ ውስጥ መሆን አለበት፤ ከማመልከቻው በፊት በነበሩት 12 ወራት ውስጥም ቢያንስ 6 ተከታታይ ወራት በክፍለ ሀገሩ የኖረ መሆን ይጠበቅበታል። በቅርቡ የመጡ ቤተሰቦች ይህን ጊዜ ለትምህርቱ ቢያውሉት ይጠቀማሉ።

የዕድሜ ጉዳይ

አንድ ልጅ በኦንታርዮ አደን መለማመድ የሚችለው 12 ዓመት ሲሞላው ነው፤ ወንድ ልጅም ሆነ ሴት ልጅ ደንቡ አንድ ነው። ከ12 እስከ 14 ዓመት ያለ ታዳጊ የሚያድነው በተለማማጅነት፣ በወላጅ ስምምነትና በአንድ መሪ አዳኝ የቅርብ ቁጥጥር ሥር ብቻ ነው። መሪው ዕድሜው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነና ለሚታደነው እንስሳ የጸና ፈቃድ ያለው ሰው መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ ወላጅ መሪ መሆን የሚችለው እርሱ ራሱ ተምሮ፣ ተፈትኖና ፈቃድ አውጥቶ እንጂ ወላጅ በመሆኑ ብቻ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው ደንብ መሪውና ተለማማጁ በመካከላቸው አንድ መሣሪያ ብቻ መያዝ ያለባቸው መሆኑ ነው። ሁለት ጠመንጃ ይዞ ከ13 ዓመት ልጅ ጋር መውጣት ክልክል ነው። ደንቡ በመጀመሪያ እይታ አድካሚ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ለጀማሪ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ጥበቃ የለም። ልጁ ጠመንጃውን በያዘበት ጊዜ የወላጁ ሁለት እጆችና ሁለት ዓይኖች ሙሉ በሙሉ ለልጁ ይሆናሉ። ወላጁ ሲይዘው ደግሞ ልጁ እየተመለከተ ይማራል።

ትምህርቱና ፈተናው

በጠመንጃ ለማደን ሁለት ኮርሶች አሉ። አንደኛው የክፍለ ሀገሩ የአዳኞች ትምህርት ነው፤ ስለ እንስሳት መለየት፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ አዳኝ ሥነ ምግባርና በጫካ ውስጥ ራስን ስለ ማቆየት ያስተምራል። ሁለተኛው የካናዳ የጦር መሣሪያ ደኅንነት ኮርስ ሲሆን የጽሑፍና የተግባር ፈተና አለው፤ በእያንዳንዳቸው 80 በመቶ ማምጣት ግዴታ ነው። ታዳጊውም ቢሆን ሁለቱንም ከወላጁ ጋር አብሮ ቢወስድ ይመረጣል።

በገጠር ያደጉና ምንሽር ወይም ዲሞትፈር በአባታቸው ቤት ሲያዩ የኖሩ ወላጆች ኮርሱ ለልጁ ብቻ የሚያስፈልግ አድርገው ሊገምቱ ይችላሉ። የተግባር ፈተናው ግን የሚመዝነው የተኩስ ችሎታን አይደለም፤ የእጅን ልማድ ነው። አፈሙዙ ለአንድ አፍታ እንኳ ወደ ሰው ቢዞር ወይም ጣት ያለ ጊዜው ቃታ ውስጥ ቢገባ ተፈታኙ ሊወድቅ ይችላል። የኮርሱ አራት መሠረታዊ ሕጎችም በዚሁ ዙሪያ የተዋቀሩ ናቸው፦ ማንኛውንም መሣሪያ ጥይት እንደጎረሰ መቁጠር፣ አፈሙዙን ዘወትር ወደማይጎዳ አቅጣጫ መያዝ፣ ለመተኮስ እስኪወሰን ድረስ ጣትን ከቃታ ማራቅ፣ መሣሪያው ባዶ መሆኑን በዓይን አይቶ ማረጋገጥ። ለረጅም ጊዜ መሣሪያ የያዘ ሰው አሮጌውን ልማድ ለመተው ከጀማሪው ይልቅ ሊቸገር ስለሚችል በትሕትና መግባቱ ይበጃል።

ሌላም ጉዳይ አለ። በብዙ ቤተሰብ ውስጥ እንግሊዝኛው ለልጁ ይቀለዋል፤ በባንክና በሐኪም ቤትም ልጁ አስተርጓሚ ሆኖ ኖሯል። በተኩስ ሜዳና በጫካ ግን ይህ መቀጠል የለበትም። "ተኩስ አቁም" የሚለውን ትእዛዝ ወላጁ ልጁ እስኪተረጉምለት የሚጠብቅ ከሆነ ትእዛዙ ዘግይቷል። ወላጁ የትእዛዞቹን የእንግሊዝኛ ቃላት ከኮርሱ በፊት ቢለማመድ፣ በቤት ውስጥም ከልጁ ጋር በአማርኛ አንድ አጭር የማቆሚያ ቃል ቢስማማ መልካም ነው።

ፈተናውን ያለፈ አዋቂ ፓል በመባል ለሚታወቀው የመሣሪያ ባለቤትነትና ግዢ ፈቃድ ያመለክታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክት ሰው ቢያንስ 28 ቀናት መጠበቅ ግድ ይለዋል፤ የአመልካቹ የኋላ ታሪክ ስለሚጣራ በተግባር ከዚህ ሊረዝም ይችላል። ፈቃዱ ለ5 ዓመት ይጸናል። ከ12 እስከ 17 ዓመት ላለ ታዳጊ የወጣት ፈቃድ አለ፤ ይህም ያልተገደበ ምድብ ውስጥ ያለ ጠመንጃ በውሰት ይዞ ለማደንና ዒላማ ለመለማመድ የሚያስችል እንጂ ለመግዛት የሚያበቃ አይደለም። ከሚኒስቴሩ ደግሞ አውትዶርስ ካርድ የሚባለውን የአዳኝ መታወቂያና ለሚታደነው እንስሳ የተለየውን ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ወደ ጫካ ሲወጡ እነዚህ ሁሉ በእጅ መኖር አለባቸው፤ የጥበቃ መኮንን ሲጠይቅ ማሳየት ግዴታ ነውና። መስከረም ላይ ለመውጣት የሚያስብ ቤተሰብ በሚያዝያ ኮርሱን ቢጀምር ጊዜው ይበቃዋል።

ጠመንጃውን መምረጥና መቆለፍ

አንድ መሣሪያ ለሁለት ሰው የሚያገለግል ስለሆነ ለአነስተኛው ሰው አካል የሚስማማውን መምረጥ ይገባል። ብትን እርሳስ የሚተኩሰው የ20 ጌጅ ሾትገን ከ12 ጌጁ ይልቅ ቀለል ያለና ትከሻን እምብዛም የማይመታ በመሆኑ ለትንንሽ አውሬና ለወፍ አደን ይመቻል። ሰደፉ ለልጁ ከረዘመ አነጣጥሮ መያዝ አይችልም፤ ገበያ ሲኬድ ልጁን ይዞ መሄዱ ስለዚህ ነው። ከግለሰብ በሚገዛበት ጊዜ ሻጩ የገዢውን ፈቃድ ትክክለኛነት አስቀድሞ ከመዝገቡ የማረጋገጥ ግዴታ አለበት፤ "በኋላ እናስተካክለዋለን" የሚል ሻጭ ካለ ግዢውን መተው ይሻላል።

በቤት ውስጥ ጠመንጃው ጥይት ሳይኖርበት፣ በቃታ መቆለፊያ ወይም በተቆለፈ ሣጥን ይቀመጣል። ጥይቱም ከጠመንጃው ተለይቶ ወይም ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጣል። ዘመድ አዝማድ በሚበዛበት፣ የጎረቤት ልጆች በሚገቡበትና በሚወጡበት ቤት ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቀው ወላጁ ብቻ ሊሆን ይገባል፤ ኮርሱን ያለፈው ታዳጊም ቢሆን።

ምን ይታደን? የትስ?

ለጀማሪ ተገቢው መነሻ የትንንሽ አውሬ ፈቃድ ነው። በዚህ ፈቃድ ከሚታደኑት መካከል ግራውስ የምትባለው፣ ጅግራን የምትመስል የጫካ ወፍና ጥንቸል ይገኛሉ። የግራውስ ወቅት በአብዛኛው ከመስከረም አጋማሽ አንሥቶ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚዘልቅ ሲሆን በአብዛኞቹ ቀጠናዎች በቀን 5፣ በይዞታ 15 ከተፈቀደው በላይ መያዝ አይቻልም። ክፍለ ሀገሩ በቁጥር በተለዩ የዱር እንስሳት አስተዳደር ቀጠናዎች የተከፋፈለ ስለሆነ ወቅቱና መጠኑ ከቀጠና ቀጠና ይለያያል፤ ሚኒስቴሩ በየዓመቱ የሚያወጣውን የአደን ደንብ ማጠቃለያ ሳያነቡ መውጣት አይገባም። ወደ አገር የሚፈልሱ እንደ ዳክዬ ያሉ ወፎች ደግሞ የተለየ የፌዴራል ፈቃድ ይጠይቃሉ።

ምርጫውን ከማዕድ ቢጀምሩት ይሻላል። ሕጉ ለምግብ የሚሆን የአውሬ ሥጋ እንዲበላሽ ማድረግን ይከለክላል። ብዙ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታዮች ጥንቸል አይበሉም፤ የሙስሊም ቤተሰቦችም በጥይት ስለተመታ እንስሳ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ቤተሰቡ የማይበላውን እንስሳ ገድሎ መጣል ከሃይማኖት ጥያቄ አልፎ የሕግ ጥያቄ ይሆናል። ስለዚህ በቤተሰቡ ዘንድ የሚበላውንና የማይበላውን ከእናትና ከአያት ጋር ተነጋግሮ መወሰን የሚገባው ፈቃዱ ከመውጣቱ በፊት ነው። የአጋዘን አደን ለሚያስቡ ደግሞ የጠመንጃው ወቅት በብዙ ቀጠናዎች ኅዳር ላይ ስለሚውል ከነቢያት ጾም ጋር ሊገናኝ ይችላል፤ የማቀዝቀዣ ቦታ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። የአውሬ ሥጋ ለጎረቤት መስጠት ይቻላል፤ መሸጥ ግን ክልክል ነው።

ከክፍለ ሀገሩ መሬት 87 በመቶ ያህሉ የመንግሥት መሬት ነው፤ አብዛኛው የሚገኘው ግን በሰሜን በኩል ነው። በደቡብ የሚገኘው መሬት በብዛት የግል በመሆኑ ከባለቤቱ ፈቃድ ሳይጠይቁ መግባት አይቻልም። ለገበሬ በር አንኳኩቶ፣ ልጅን አስተዋውቆ በአክብሮት መጠየቅ ከአገር ቤት ልማድ ጋር የሚስማማ ነው፤ ፈቃዱ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ከፍሬንችና ከማታዋ ወንዞች በስተደቡብ በእሑድ ቀን በጠመንጃ ማደን የሚቻለው በፈቀዱ ማዘጋጃ ቤቶች ክልል ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መውጫዎች

ሁለት ሦስት ጊዜ ያለ ጠመንጃ መውጣት ጠቃሚ ነው። መንገዱን፣ ወሰኑንና ስልክ የማይሠራበትን ቦታ ያለ ጭንቀት ማወቅ ይቻላል። የአጋዘን ወይም የሙስ የጠመንጃ ወቅት በተከፈተበት ቀጠና ትንሽ አውሬ የሚያድን ሰውም ቢሆን ብርቱካናማ ልብስና ኮፍያ መልበስ ግዴታው ነው፤ ከወገብ በላይ የሚታየው ቀለም ቢያንስ 2,580 ስኩዌር ሴንቲሜትር ሆኖ ከሁሉም አቅጣጫ መታየት አለበት። ግዴታ ባልሆነበት ቀንም ልጅን ሳያለብሱ መውጣት ምክንያት የለውም።

ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ፣ እንዲሁም ልትወጣ ግማሽ ሰዓት እስኪቀራት ድረስ ጠመንጃ በማኅደሩ መሆን አለበት። ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ መኪና ውስጥ ማስገባትም ክልክል ነው። ከእነዚህ ደንቦች ውጭ አንድ ተጨማሪ ልማድ ይመከራል፦ ልጁ "እርግጠኛ አይደለሁም" ባለበት ቅጽበት ተኩሱ ይቀራል፤ ወላጁም አይቆጣም፣ በልጁም ፋንታ አይተኩስም። በጥንቱ ዘመን ግዳይ ጥሎ መፎከር የጀግና ወግ ነበር። የ12 ዓመት ልጅ ይህን ታሪክ ከአያቱ ሰምቶ ባዶ እጁን መመለስን እንደ ውርደት ሊቆጥረው ይችላልና ባዶ እጅ መመለስ የተለመደ መሆኑን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ልጁ 15 ዓመት ሲሞላው በወላጁ የጽሑፍ ስምምነት የራሱን ፈቃድ አውጥቶ የራሱን መሣሪያ ይዞ ማደን ይችላል። ያን ጊዜ ጠመንጃ ያለ አዋቂ ቁጥጥር ለመያዝ የፌዴራሉ የወጣት ፈቃድ ስለሚያስፈልገው ማመልከቻውን ከልደቱ ቀን ወራት ቀደም ብሎ ማስገባት ይመከራል።