ዓይንን ስለ ማሳረፍ

በአማርኛ እጅግ የተወደደ ነገር «እንደ ዓይን ብሌን የሚጠበቅ» ይባላል። አባት ልጁን፥ ሹም የተሰጠውን አደራ እንደ ዓይን ብሌን እንዲጠብቅ ይመከራል። ነገር ግን ብሌኑ ራሱ እንዴት እንደሚጠበቅ ስንጠየቅ ብዙዎቻችን መልስ ያጥረናል። በዛሬው ዘመን የመንግሥት ሥራ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ስክሪን ስለ ተሻገረ፥ ጧት ቢሮ የገባ ጸሐፊ ዓይኑን በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ተክሎ ይውላል፤ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስም የእጅ ስልኩን ያነሣል። ከዚህም የተነሣ የዓይን መቆጥቆጥና መቅላት፥ የፊደል መደብዘዝ፥ የግንባርና የአንገት ሕመም የብዙ ሠራተኞች የዘወትር ስሞታ ሆኖአል።

ይህ ድካም የሚመጣው ዓይን ከሁለት ልማዶቹ ሲከለከል ነው። አንደኛው ልማድ መርገብገብ ነው። ጤናማ ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ በእያንዳንዱም ጊዜ የዓይን ቆብ እንባን በዓይኑ ገጽ ላይ በስሱ ያለብሳል። ስክሪን ላይ አተኩሮ የሚሠራ ሰው ግን በደቂቃ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ብቻ ያርገበግባል፤ ያውም ብዙ ጊዜ ቆቡ እስከ ታች ሳይከደን ነው። ስለዚህ እንባው ይደርቃል፤ ዓይኑም አሸዋ የገባበት ያህል ይቆጠቁጣል።

ሁለተኛው ልማድ ከቅርብ ወደ ሩቅ፥ ከሩቅ ወደ ቅርብ መመላለስ ነው። በዓይን ውስጥ ሌንስ የምትባል ጠራ ያለች አካል አለች፤ ቃሉ በላቲን ቋንቋ ምስር ማለት ሲሆን፥ ስሟን ያገኘችው ቅርጿ ምስር ስለሚመስል ነው። ቅርብ ያለውን ስንመለከት በዙሪያዋ ያለው ትንሽ ጡንቻ ይኮማተራል፤ ሩቅ ስንመለከት ደግሞ ይላላል። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ቅርብ ብቻ የሚያይ ሰው፥ ውኃ የሞላ ባልዲ አንሥቶ ክንዱን ሳያወርድ እንደሚቆም ሰው ይመሰላል። ባልዲው ከባድ ባይሆንም እንኳ ክንዱ ዕረፍት በማጣቱ ይዝላል።

ነገሩ በኮምፒዩተር አልተጀመረም። ኢጣሊያዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1713ም አስፋፍቶ አሳተመው። በዚህ መጽሐፍ ረቂቅ የእጅ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ዓይናቸው እንደሚጎዳ ገልጾ፥ በየጊዜው ከሥራቸው ቀና ብለው ልዩ ልዩ ነገር እንዲመለከቱ መክሮአል። የዛሬ ሐኪሞችም ይህንኑ ምክር በቁጥር ወስነው ያስተምራሉ፤ ይኸውም በየ20 ደቂቃው ዓይንን ከስክሪን አንሥቶ፥ 6 ሜትር ወይም ከዚያ የሚርቅ ነገር ለ20 ሴኮንድ መመልከት ነው። ቢሮው ጠባብ ከሆነ በመስኮት በኩል ያለ ዛፍ ወይም የጎረቤት ጣራ ይበቃል። በዚሁ ዕረፍት ውስጥ የዓይንን ቆብ እስከ ታች ድረስ ደጋግሞ መክደን ይገባል።

የሥራውም ስፍራ መስተካከል አለበት። ስክሪኑ ከዓይን 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ራሱም ከዓይን ትይዩ ጥቂት ዝቅ ይበል፤ ቁልቁል የሚመለከት ዓይን ጠበብ ብሎ ስለሚከፈት እንባው ቶሎ አይደርቅም። መስኮት በፊት ለፊት ወይም በስተኋላ ሲሆን ያንጸባርቃልና በጎን በኩል ይሁን። የስክሪኑ ብርሃን ከክፍሉ ብርሃን ጋር ይመጣጠን። የአየር ማራገቢያም ፊት ላይ በቀጥታ አይንፈስ።

አማርኛን በመማር ላይ ላለ ሹም ደግሞ የተለየ ምክር አለ። በፊደላችን አንዲት ትንሽ ቅጥያ ቃልን ትለውጣለች። «ግቡ» እና «ግቢ» የሚለዩት፥ በመጀመሪያው ቃል ቅጥያዋ በ«ቡ» ወገብ ላይ፥ በሁለተኛው በ«ቢ» እግር ላይ በመሆኗ ብቻ ነው። አንደኛው ሰዎችን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ትእዛዝ ሲሆን፥ ሁለተኛው የቤት ወይም የመሥሪያ ቤት አጥር ክልል ነው። ፊደሉን አጥርቶ የለመደ ሰው ቃሉን በአንድ እይታ ያውቀዋል፤ ተማሪ ግን እያንዳንዱን ፊደል መመርመር ስላለበት ዓይኑ የበለጠ ይደክማል። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ በስክሪን ላይ ሲነበብ ፊደሉን ማጉላት ማፈሪያ ሊሆን አይገባም። ረዥም ሰነድ ከሆነም ማታ ከመታገል ይልቅ ጧት ዓይን ባረፈ ጊዜ ማንበብ ይሻላል።

ገንዘብን በከንቱ ማውጣትም አይገባም። «የስክሪንን ሰማያዊ ብርሃን የሚከለክል» እየተባለ የሚሸጥ መነጽር አለ። የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምረው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የ17 ጥናቶችን ውጤት አገናዝቦ፥ ይህ መነጽር የዓይንን ድካም በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚቀንስ እንደማይመስል ገልጾአል። በአንጻሩ እውነተኛ መነጽር የሚያስፈልገው ሰው ብዙ ነው። ዕድሜ ወደ 40 ዓመት ሲጠጋ ሌንሷ እየደነደነች ስለምትሄድ፥ ሰው ወረቀቱን ከፊቱ እያራቀ ማንበብ ይጀምራል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ፥ በዚህ ምክንያት የቅርብ እይታቸው የደከመ ሰዎች በዓለም 1.8 ቢሊዮን እንደሚሆኑ፥ ከነዚህም 826 ሚሊዮኑ ተገቢውን መነጽር እንዳላገኙ አመልክቶአል። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ያለ ሠራተኛ ስክሪኑን ከመውቀስ በፊት ዓይኑን ያስመርምር።

በቤት ውስጥም እናትና አባት ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሰጠው መመሪያ፥ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ፥ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉትም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳያልፉ መክሮአል። ትልልቆቹ ልጆች በየቀኑ ውጭ በፀሐይ ብርሃን መጫወታቸው የሩቅ እይታ ድክመት እንዳይጀምራቸው ይረዳል። የደከመን ዓይን በንጹሕ ለብ ያለ እርጥብ ጨርቅ ጨፍኖ ማሳረፍ መልካም ነው፤ ነገር ግን ትራኮማ በጨርቅና በእጅ ስለሚተላለፍ ለእያንዳንዱ የቤተ ሰብ አባል የራሱ ጨርቅ ይኑረው።

ከድካም የሚለይ በሽታም አለ። የዓይን ብርሃን በድንገት ከቀነሰ፥ ብርቱ ሕመም ከተሰማ፥ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና የሚመስል ክብ ከታየ፥ የብልጭታና የጥቁር ነጠብጣብ መብዛት ከመጣ፥ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ግድ ነው። ቅላትን ቶሎ ያጠፋል ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ደግሞ የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጎ ግላኮማ፥ ሌንሷንም አደብዝዞ የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል።

በመጨረሻ አንድ ቃል ለሥራ አለቆች እንጨምራለን። ጸሐፊ ከስክሪኑ ቀና ብሎ በመስኮት ሲመለከት ያየ አለቃ ሥራ እንደ ፈታ ሊቈጥረው ይችል ይሆናል። ነገር ግን ያች 20 ሴኮንድ በሒሳብ መዝገብ ላይ 3 እንደ 8 እንዳይነበብ፥ የባለ ጉዳይም ስም በሌላ ሰው ስም እንዳይተካ ትረዳለች። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፥ ዋጋ የማትጠይቀውን ይህችን ዕረፍት አለቃው ራሱ አስቀድሞ ቢለማመዳት፥ ሠራተኞቹ ያለ ፍርሃት ይከተሉታል።