የጡረታ ዋስትና በኢትዮጵያና በኬንያ፦ ንጽጽሩ ከየት መጀመር አለበት?

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የምትገኝ፣ አንዱ ወገኗ በአንደኛው አገር ሌላው ወገኗ በሁለተኛው አገር ሕግ የምትተዳደር ከተማ ናት። በሰሜኑ ወገን ተቀጥሮ የሚሠራ ሰውና በደቡቡ ወገን ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው በአንድ ገበያ ሊገበያዩና በአንድ ቋንቋ ሊነጋገሩ ይችላሉ፤ ከሁለቱም ደመወዝ በየወሩ ለእርጅና ዘመናቸው የሚሆን ገንዘብ ይቆረጣል፤ ሁለቱም በመደበኛው ሥርዓት ጡረታ የሚወጡት በ60 ዓመታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ግን በእጃቸው የሚገባው ነገር በመጠን ብቻ ሳይሆን በዓይነትም የተለያየ ነው። የሁለት ጎረቤት አገሮችን የጡረታ ዋስትና የሚያወዳድሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከቱት መጠኑን ሲሆን፣ ዓይነቱን ሳይለዩ መጠኑን መመዘን ወደ ተሳሳተ ፍርድ ይመራል። በዚህ ስሕተት ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ በገዛ አገሩ ዜጎች ዘንድ ተገቢውን ግምት ያላገኘው የኢትዮጵያ ጡረታ ነው።

መሠረቱ ባጭሩ ሊነገር ይችላል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ቅርጽ ይዞ የቆየ ሲሆን፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች በሕግ የታቀፉት በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው፤ ሁለቱም ዘርፎች በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 አዲስ ሕግ አግኝተዋል። መዋጮው፣ ማለትም ለጡረታ ፈንድ በየወሩ የሚገባው ገንዘብ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ የደመወዙ 18 በመቶ ነው።

በኬንያ ብሔራዊ የማኅበራዊ ዋስትና ፈንድ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ የተቋቋመውም ፕሮቪደንት ፈንድ ሆኖ ነው፤ ይህም በሠራተኛው ስም በተከፈተ ሒሳብ መዋጮው ከነወለዱ ተጠራቅሞ በጡረታ መውጫ ጊዜ በአንድ ጊዜ የሚከፈልበት ሥርዓት ነው። ለረጅም ዓመታት መዋጮው ከሠራተኛው 200፣ ከአሠሪው 200 ሽልንግ ብቻ ስለነበረ፣ በዚህ መጠን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚያዋጣ ሰው ወለዱ ሳይታሰብ የሚያጠራቅመው 144,000 ሽልንግ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሕግ መዋጮውን ከሁለቱም ወገን 6 በመቶ ሲያደርገውና ፈንዱን ወደ ጡረታ መርሐ ግብርነት ሲያሸጋግረው፣ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ክርክር ተይዞ ስለቆየ ተግባራዊ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። በእርከን ከተከፋፈለው መዋጮ ከፍ ያለው ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ወዳጸደቀው ሌላ የጡረታ መርሐ ግብር ሊዛወር ይችላል። አበላቸው ከመንግሥት በጀት ይከፈል የነበረው የኬንያ ሲቪል ሰርቪስ ሠራተኞችም፣ ዕድሜያቸው ከ45 ዓመት በታች የነበረው፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ ሠራተኛው 7.5፣ መንግሥት 15 በመቶ ወደሚያዋጡበት የግል ሒሳብ ተሸጋግረዋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነጥብ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ዘወትር የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ፦ «በየወሩ የሚቆረጥብኝን ገንዘብ በባንክ ባስቀምጠው ይሻለኝ ነበር።» ይህ አነጋገር ጡረታን ከቁጠባ ጋር ያምታታል። የኢትዮጵያ ጡረታ ዕድር እንጂ ዕቁብ አይደለም። የዕቁብ አባል የሚያገኘው ያዋጣውን ያህል ነው፤ የዕድር አባል ግን የሚያገኘው በመዋጮው ድምር ሳይሆን በደረሰበት ነገር ልክ ነው፤ ትናንት የገባውም ሃያ ዓመት የከፈለውም ሐዘን ሲደርስበት ድንኳኑ እኩል ይተከልለታል። በኬንያው ሒሳብ ላይ የሰፈረው ቁጥር የአባሉ የግል ገንዘብ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን ሠራተኛው ያለው የገንዘብ ክምችት ሳይሆን በቀመር የተወሰነ የአበል መብት ነው።

ቀመሩ እንዲህ ነው። አሥር ዓመት አገልግሎ ጡረታ የወጣ ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ በየወሩ ያገኛል፤ ከአሥር ዓመት በላይ ለሰጠው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጠቅላላው ከ70 በመቶ አይበልጥም። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው 30 በመቶው ላይ 25 በመቶ ተጨምሮለት በወር 5,500 ብር አበል ይኖረዋል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት እያንዳንዳቸው 3 በመቶ ሲያስገኙ የሚከተሉት 1.25 ብቻ ማስገኘታቸው ሕጉ ዘግይቶ ወደ ሥራ ለገባው፣ በሕመም ወይም በልጅ ማሳደግ ምክንያት ከሥራ ርቆ ለቆየው ሰው ያደላ መሆኑን ያሳያል፤ ይህም ከአርቆ አሳቢነት የመነጨ ርኅራኄ ነውና ሊመሰገን ይገባዋል።

ስሌቱን ከመዋጮው ጋር ማስተያየት ደግሞ ለባንክ ተሟጋቾች መልስ ይሰጣል። ደመወዙ ሳይለወጥ በ10,000 ብር ላይ ቆሟል ብለን ብናስብ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ከሠራተኛው ኪስ የሚወጣው 84,000 ብር፣ የአሠሪው ድርሻ ሲጨመር ደግሞ 216,000 ብር ነው። ወርኃዊ አበሉ 3,000 ብር ስለሚሆን፣ ወለድን ወደ ጎን ብንተወው፣ ጡረተኛው የራሱን መዋጮ በ28 ወር፣ የሁለቱን ወገን ጠቅላላ መዋጮ በስድስት ዓመት መልሶ ያገኛል፤ ከ66 ዓመት ዕድሜው በኋላ የሚቀበለው ሁሉ ከፈንዱ የጋራ ሀብት የሚመጣ ነው። ሠላሳ ዓመት ያገለገለውም ቢሆን 648,000 ብሩን አሥር ዓመት ሳይሞላ ይጨርሰዋል፤ ዘጠና ዓመት ቢኖር ግን አበሉ ሠላሳ ዓመት ይከፈለዋል። በአንጻሩ በአንድ ሚሊዮን ሽልንግ ጡረታ የወጣ የኬንያ ነዋሪ ገንዘቡን በእጁ ይዞ በወር 10,000 ሽልንግ እያወጣ ቢኖር፣ ተጨማሪ ትርፍ ካላገኘ በስተቀር በ68 ዓመቱ ባዶ እጁን ይቀራል። ይህ እንዳይሆን ከኢንሹራንስ ኩባንያ የዕድሜ ልክ ክፍያ መግዛት ይኖርበታል፤ የኬንያ የጡረታ መርሐ ግብሮች በአንድ ጊዜ የሚሰጠውን ገንዘብ ከጠቅላላው በአንድ ሦስተኛ የሚገድቡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ረጅም ዕድሜ በኢትዮጵያው ሥርዓት የፈንዱ ኃላፊነት ሲሆን፣ በፕሮቪደንት ፈንድ ግን የሽማግሌው የራሱ ዕዳ ነው።

ተተኪዎች፣ ማለትም ሟች ጥሎአቸው የሚያልፈው የትዳር ጓደኛ፣ ልጆችና ወላጆች፣ የዚሁ መብት ተካፋዮች ናቸው። የሟች የትዳር ጓደኛ የአበሉን 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ 20 በመቶ፣ በሟች ይረዱ የነበሩ ወላጆች እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ሲያገኙ፣ የሁሉም ድምር ከሟች አበል አይበልጥም። በግል ሒሳብ ሥርዓት ለቤተሰቡ የሚተላለፈው በሞት ዕለት በሒሳቡ ላይ የተገኘው ቀሪ ነው፤ በወጣትነቱ የሞተ አባት የሚተወው ቀሪ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። ጡረታን ከባንክ ሒሳብ ጋር የሚያወዳድር ሰው ይህን የቤተሰብ ዋስትና ለይቶ ዋጋ ሊያወጣለት ይገባል፤ አብዛኛው ሰው ግን ይህን አያደርግም።

ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት የሁለቱን አገሮች አበል ወደ ዶላር መንዝሮ ማወዳደር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ57 ብር በላይ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የ5,500 ብሩ ጡረተኛ በዶላር ሲሰላ በሐምሌ አጋማሽ 95 ዶላር ገደማ የነበረው ገቢው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከ55 ዶላር በታች ወረደ፤ ጤፉ፣ የቤት ኪራዩና የታክሲው ሒሳብ ግን በእነዚያው ሳምንታት በእጥፍ አልጨመረም። ምንዛሪ አንድ አገር ከውጭ የሚገዛውን ዕቃ ዋጋ በቀጥታ ሲነካ፣ ሽማግሌ በአብዛኛው የሚኖረው ደግሞ አገር ውስጥ በሚመረት እህልና አገልግሎት ነው። ከዲያስፖራ ሆነው የወላጆቻቸውን አበል በዶላር እያሰሉ የሚያጣጥሉ ልጆች፣ አበሉ ስንት ኪሎ ጤፍ፣ ስንት ወር መድኃኒትና ስንት ወር ኪራይ እንደሚሸፍን ቢጠይቁ ወደ እውነቱ ይበልጥ ይቀርቡ ነበር።

ይህ ሁሉ የኢትዮጵያ ጡረታ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም፤ ጉድለቱ ከባድ ነው፤ እርሱም የዋጋ ንረት ነው። የ2003ቱ ሕግ አበል በየአምስት ዓመቱ እንዲከለስ ደንግጎ ነበር፤ አምስት ዓመት በተረጋጋ ዋጋ ዘመን አጭር፣ በንረት ዘመን ግን እጅግ ረጅም ጊዜ ነው። ዋጋ በየዓመቱ 20 በመቶ ቢጨምር፣ ያልተከለሰ 5,500 ብር በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ የሚገዛው ዛሬ 2,210 ብር የሚገዛውን ያህል ብቻ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት ደግሞ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። የፈንዱ ገንዘብ ለብዙ ዓመታት በአመዛኙ ወለዱ ከዋጋ ንረት እጅግ ባነሰ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ላይ መቆየቱ ጉዳቱን አባብሶታል። የኬንያው ሥርዓት በዚህ በኩል ይሻላል፤ የአባላት ገንዘብ በአክሲዮን፣ በቦንድና በሕንፃ ላይ ስለሚውል፣ ገበያው ሲያድግ ክምችቱም አብሮ የማደግ ዕድል አለው፤ አባሉም በየዓመቱ የተጨመረለትን በሒሳቡ ላይ ያያል። ፍርዱ እንግዲህ እንዲህ ይሆናል፦ የኢትዮጵያ ሕግ የገባው ቃል የበለጠ ሰብዓዊ ሲሆን፣ የቃሉን ዋጋ በመጠበቅ ረገድ ግን ኬንያ ትቀድማለች።

በሁለቱም አገሮች አብዛኛው ሠራተኛ ደመወዝተኛ አለመሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ኬንያውያን ጁዋ ካሊ ብለው ለሚጠሯቸው በየመንገዱ ዳርና በየጎጆ ሥራው ለሚተዳደሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ምባኦ የተባለ የጡረታ መርሐ ግብር ተዘርግቷል፤ አባሉ በቀን 20 ሽልንግ በሞባይል ስልኩ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ 70 ዓመት የሞላቸው አረጋውያን፣ ባያዋጡም፣ በወር 2,000 ሽልንግ ከመንግሥት እንዲያገኙ ተደንግጓል። በኢትዮጵያ በግል ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች በፈቃዳቸው የጡረታ አባል እንዲሆኑ ሕጉ በር ከፍቷል፤ ይሁን እንጂ በዕድሜ ብቻ የሚሰጥ አበል የለም፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር የሚደግፈውም በድህነታቸው የተመረጡ ቤተሰቦችን ነው። ኢትዮጵያ ከጎረቤቷ ልትማር የሚገባት በዚህ ነው።

የኑሮ ጥራት ከአበል ብቻ አይመነጭም። የራሱ ቤት ያለው፣ ሕክምናው በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የተሸፈነለትና ልጆቹ በአቅራቢያው የሚኖሩ ጡረተኛ በትንሽ አበል ተከብሮ ሲኖር፣ በአዲስ አበባ ወይም በናይሮቢ በኪራይ ቤት ያለ ሰው ግን የአበሉን ትልቁን ክፍል ለአከራይ ያስረክባል። በዚህ ረገድ ሁለቱ አገሮች ይመሳሰላሉ።

መብቱን የሚያጎድለው ብዙ ጊዜ ሕጉ ሳይሆን የሠራተኛው ቸልተኝነት መሆኑ ያሳዝናል። ለመዋጮ ሲባል ደመወዙ ዝቅ ተደርጎ እንዲመዘገብ ከአሠሪው ጋር የሚስማማ ሰው ዛሬ ጥቂት ብር አትርፎ የዕድሜ ልክ አበሉን ይቀንሳል፤ ምክንያቱም የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዝ የአበሉ መሠረት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ አንድ ዓመት ሳይታገሥ የሚወጣ ሰው ወርኃዊ አበሉን ትቶ የአንድ ጊዜ ክፍያ ወደሆነው ዳረጎት ይወርዳል። ሲቀጠር የልደት ዘመኑን በግምት የሚያስመዘግብ ሰው ደግሞ በኋላ ሊያርመው ሲሞክር፣ ሕጉ የሚቀበለው መጀመሪያ በተቀጠረበት ጊዜ የተመዘገበውን ዕድሜ መሆኑን ሲረዳ ይደነግጣል። ስለዚህ ማንኛውም ተቀጣሪ የጡረታ መለያ ቁጥሩን ይያዝ፤ መሥሪያ ቤት ሲለውጥ የአገልግሎት ማስረጃውን ሳይቀበል አይውጣ፤ የተቆረጠበት መዋጮ በእርግጥ ለፈንዱ መግባቱንም በየዓመቱ ከማኅበራዊ ዋስትና ጽሕፈት ቤቱ ይጠይቅ።