ያገለገለ ቶርኖ ይገዛ ወይስ አይገዛ?



ለገጠር ከተማ የጥገና ቤት ወይም የሙያ ማሠልጠኛ ሲታሰብ ያገለገለ ቶርኖ ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ምእመናን ከኑሯቸው ቀንሰው የሰጡት ገንዘብ ለብዙ ዓመታት ሕዝብ የሚያገለግል መሣሪያ የሚሆነው፣ ወይም ሸራ ለብሶ በአንድ ጥግ የሚቆም ብረት ሆኖ የሚቀረው በዚህ ውሳኔ ነው። ስለዚህ በወለጋ የምትገኘውን ሲሬን እንደ ምሳሌ ወስደን ውሳኔው በምን ላይ ሊመሠረት እንደሚገባ ልንገልጽላችሁ እንወዳለን።

የቶርኖ ጥቅም

ቶርኖ ብረት ነክሶ እያዞረ፣ በተሳለ መቁረጫ እየላገ ልኩን የጠበቀ ክብ ዕቃ የሚያወጣ ማሽን ነው። ስሙ እንደ ሞርሳ፣ ትራፓኖና ኩሽኔታ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1800 ገደማ ሄንሪ ሞድስሌይ የተባለው እንግሊዛዊ መቁረጫው በእጅ መያዙ ቀርቶ በሐዲድ ላይ በሚሄድ ተንሸራታች ላይ የታሰረበትን፣ የብሎን ጥርስም አስተካክሎ የሚያወጣውን ቶርኖ ሠራ። የዛሬዎቹም ቶርኖዎች በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

ሲሬ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በባኮና በነቀምቴ መካከል ትገኛለች። አካባቢው በቆሎ አምራች ስለሆነ ሕዝቡ የሚኖረው በወፍጮ ነው። የወፍጮው ዘንግ ኩሽኔታ በሚቀመጥበት ቦታ ሲበላ፣ በብየዳ ተሞልቶ በቶርኖ ልኩን እንዲይዝ መደረግ አለበት። በቅርብ ቶርኖ ከሌለ ዘንጉ ተፈትቶ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ነቀምቴ ይላካል። እስኪመለስ ድረስ ወፍጮው ይቆማል፤ እናቶችም እህሉን ተሸክመው ወደ ሌላ ወፍጮ ይሄዳሉ፣ ወይም ወደ ድንጋይ ወፍጮ ይመለሳሉ።

አስቀድሞ ሥራው ይቆጠር

ሆኖም ችግር አለ ማለት ቶርኖ ይገዛ ማለት አይደለም። የነቀምቴ ቅርበት ራሱ መመዘን አለበት። በወር ሁለት ወይም ሦስት ሥራ ብቻ ከሆነ፣ የመኪና ሒሳብ ከፍሎ ነቀምቴ ማሠራቱ ይረክሳል። ስለዚህ የፕሮጀክቱ ሠራተኞች ቢያንስ ለሦስት ወራት በደብተር እንዲመዘግቡ እንመክራለን፦ ምን ተሰበረ? ማን አመጣው? የት ተሠራ? ስንት ተከፈለበት? ስንት ቀን ፈጀ? ምዝገባው በመኸር ብቻ ቢደረግ ሥራውን አብዝቶ፣ በክረምት ብቻ ቢደረግ አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። በየሳምንቱ ብዙ ሥራ መኖሩ ከታየ ስለ ግዢው መነጋገር ይቻላል። ከዚያ በታች ከሆነ ግን የብየዳ መሣሪያ፣ ትራፓኖና ጥሩ ሞርሳ ይበልጥ ይጠቅማሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ባለሙያው ነው። ቶርኖ የሚያውቅ ሰው በትላልቅ ከተሞች በቀላሉ ሥራ ያገኛል። በአንድ ሰው ላይ የተመሠረተ ሥራ ሰውየው በሄደ ዕለት ይቆማል። ስለዚህ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት፣ በዚያው አካባቢ ቤትና ቤተሰብ ያላቸው ቢያንስ ሁለት ሰዎች ሊሠለጥኑ ይገባል።

ሦስተኛው ኃይል ነው። ብዙዎቹ ቶርኖዎች ባለ ሦስት ፌዝ፣ 380 ቮልት ሞተር አላቸው። ወደ ሥራ ቤቱ የገባው የቤት መብራት መስመር ብቻ ከሆነ፣ መስመሩን የማስገባት ወጪ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ተደምሮ ይታይ። ለ60 ሄርዝ የተሠራ የአሜሪካ ሞተር በአገራችን 50 ሄርዝ ላይ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ቮልቴጁም ላይስማማው ስለሚችል በባለሙያ መታየት አለበት።

ማሽኑ እንዴት ይመረመራል?

አዲስ ቀለም ማንንም አያታልል። ቶርኖ ይበልጥ የሚበላው ዕቃውን ነክሶ በሚያዞረው ራስ አጠገብ ባለው የሐዲዱ ክፍል ነው፤ አብዛኛው አጭር ሥራ የሚሠራው በዚያ ነውና። ተንሸራታቹ በራሱ አጠገብ ልል እያለ ወደ ሌላው ጫፍ ሲሄድ የሚጠብቅ ከሆነ ሐዲዱ ተበልቷል። ይህን ማስተካከል በትልቅ ሥራ ቤት ካልሆነ አይቻልም።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና በሥራ መፈተን ነው። 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ከራሱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጥቶ ይነከስ፤ ከዚያም በስሱ ይላግና ሁለቱ ጫፎች በማይክሮሜትር ይለኩ። ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቦታ ልኩን መጠበቅ ያለበት በሚሊ ሜትር ሁለት መቶኛ አካባቢ ስለሆነ፣ ልዩነቱ ከዚህ ብዙ የራቀ ማሽን ለወፍጮ ዘንግ አይሆንም። ቀጥሎም ማሽኑ በከፍተኛ ፍጥነት ለግማሽ ሰዓት ይዙር። ድምፁ ቢንኳኳ ወይም የራሱ ኩሽኔታዎች እጅ እስኪያቃጥሉ ቢግሉ፣ ጥገና ያስፈልገዋል ማለት ነው።

የማርሽ ጥርሶችም አንድ በአንድ ይታዩ። የጥንት የእንግሊዝ ቶርኖዎች ጥርስ ማውጫ ዘንጋቸው በኢንች የተሠራ ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በእነዚህ ማሽኖች የሚሊ ሜትር ጥርስ በትክክል ለማውጣት የተለመደው መንገድ 127 ጥርስ ያለውን ማርሽ መጠቀም ነው። ባለ ሦስትና ባለ አራት መንጋጋ መንከሻ፣ የረጅም ዘንግ መደገፊያና የመቁረጫ መያዣ አብረው መኖራቸውም ይረጋገጥ። እነዚህ ለየብቻ ሲገዙ ርካሹን ማሽን ውድ ያደርጉታል።

ከዋጋው በስተጀርባ ያለው ወጪ

መካከለኛ ቶርኖ ከአንድ ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ክብደቱም ወደ ራሱ ያደላል። ስለዚህ ሲጫንና ሲወርድ በቀላሉ ይገለበጣል። ጠንካራ የኮንክሪት ወለልም ይፈልጋል፤ በውሃ ልክ ካልተቀመጠ ደህናውም ማሽን አጣምሞ ይሠራል። ዘይት፣ መቁረጫ፣ መለኪያና የዓይን መከላከያ መነጽር በበጀቱ ይግቡ። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ልል እጅጌና የእጅ ጓንት በሚዞር ቶርኖ አጠገብ ክልክል መሆናቸው ለተማሪዎች ከመጀመሪያው ቀን ይነገር፤ ጨርቅ የያዘ ቶርኖ ክንድንም ይዞ ይሄዳልና።

እንግዲህ አሳባችን ይህ ነው። ደብተሩ በቂ ሥራ ካሳየ፣ ሁለት ሰዎች ከሠለጠኑ፣ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ከገባ፣ ማሽኑም በሥራ ተፈትኖ ካለፈ፣ ያገለገለ ቶርኖ ለሲሬ መልካም ግዢ ነው፤ በደንብ የተያዘ የብረት ማሽን ከአንድ ትውልድ በላይ ያገለግላል። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ግን፣ በነፃ ቢሰጥ እንኳ መቀበል አይገባም። ማሽን ልትለግሱ የምታስቡ ጉባኤዎች ብትኖሩ፣ ዕቃውን ከመጫናችሁ በፊት የፕሮጀክቱን ደብተር ጠይቁ። ምናልባት የዚያ ዓመት ትልቁ ስጦታ የሁለት ወጣቶች የሥልጠና ወጪ ሆኖ ታገኙታላችሁ።